የኦዜት ሦስት ማዕዘን፦ ከድንኳን ተነስቶ የአንድ ቀን የባሕር ዳር የእግር ጉዞ

ሰመር በመጣ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ያ ባሕር ዳር በእግር የዞራችሁት ቦታ የት ነው? እኛም ድንኳን ጭነን ብንሄድ እንችለዋለን?» ትችሉታላችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ በድምፅ መልእክት ማስረዳት ስለደከመኝ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

ቦታው ዋሽንግተን ስቴት፣ ኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። የኦዜት ሦስት ማዕዘን የሚባለው መንገዱ ሦስት ጎን ስላለው ነው። የመጀመሪያው ጎን ከኦዜት ሐይቅ መኪና ማቆሚያ ተነስቶ በጫካ ውስጥ ኬፕ አላቫ ይደርሳል፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ከኬፕ አላቫ እስከ ሳንድ ፖይንት ባሕር ባሕሩን ነው፣ እሱም 5 ኪሎ ሜትር። ሦስተኛው ከሳንድ ፖይንት ተመልሶ በጫካ ወደ መኪናው ያመጣችኋል፣ ከ5 ትንሽ ያነሰ ነው። በድምሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ለመካከለኛ ተጓዥ ምሳና እረፍትን ጨምሮ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይፈጃል። አቀበት የለውም ማለት ይቻላል። ከባዱ ነገር ባሕሩ ነው።

ስለዚህ አስቀድመን በሁለት ቃል እንግባባ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ወደ ዳርቻው ይመጣል፣ ሁለቴ ይመለሳል፤ ታይድ የሚሉት ይህን ነው። እኔ ሲመጣ «ሙላት»፣ ሲመለስ «ሽሽት» እለዋለሁ። ከሙላት እስከ ሽሽት 6 ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ስለሚዘገይ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። በዚያ ዳርቻ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ከ2 እስከ 3 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ጠዋት በደረቁ ያለፋችሁበት አሸዋ ከሰዓት በኋላ ከሰው ቁመት በላይ ውሃ ሊተኛበት ይችላል ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለእግር ጉዞው፦
- ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ለስላሳና ጥርስ ያለው ጫማ። አዲስ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ተራመዱበት።
- ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ አንዱ ለመቀየር።
- የዝናብ ጃኬት፣ ሰማዩ ጠርቶም ቢሆን። ከውስጡ ፍሊስ ወይም የሱፍ ሹራብ።
- በወረቀት የታተመ የታይድ ሠንጠረዥና ካርታ፣ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ። ስልክ ላይ ያለው ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይደለም።
- የእጅ ሰዓት። ስልክ በዝናብ እየከፈቱ ሰዓት ማየት ሁለት ቀን አይሠራም።
- ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ከተቻለ ማጣሪያም።
- የራስ ላይ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ፕላስተር፣ ላይተር።
- ከዘራ ወይም የተራራ ዱላ። ባሕር ዳሩ ላይ ሦስተኛ እግር ነው።
- ስንቅ። ከገዛኋቸው የስፖርት ብስኩቶች ሁሉ በሶን የሚያህል አላገኘሁም፤ በጠርሙስ ውሃ መትቶ መጠጣት ነው። ጭኮም ይሆናል፣ ግን ሙቀት ላይ ቅቤው ይቀልጥና ቦርሳችሁን ያሸተዋል። ቆሎ በጠባብ አፍ ዕቃ ያዙ እንጂ በላስቲክ አትያዙ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ ታያላችሁ።

ለካምፑ ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ከስር የሚነጠፍ ፍራሽ፣ የጋዝ ምድጃ፣ እና ለሁለት ቀን የሚበቃ የመጠጥ ውሃ በጀሪካን። ጋቢ ይምጣ፣ ማታ ድንኳን በር ላይ ተቀምጦ ቡና ለመጠጣት የሚያህለው የለም፤ ጠዋት ግን ድንኳን ውስጥ ይቅር። ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም፣ ከሰውነት ሙቀት ይመጥጣል እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ለዚሁ ምክንያት ጂንስም አትልበሱ።

ደረጃ በደረጃ

1. መጀመሪያ ታይዱን፣ ቀጥሎ ቀኑን ምረጡ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ከሥራ እረፍት ይወስድና ከዚያ ታይድ ያያል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። የአሜሪካ ውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖአ የሚባለው፣ የታይድ ሠንጠረዥ በነፃ ያወጣል። ጣቢያ ስትመርጡ ላ ፑሽ የሚለውን ውሰዱ። የሲያትልን አትውሰዱ፤ ሲያትል በወሽመጡ ውስጥ ስለሆነ ውሃው እዚያ የሚደርሰው ከውቅያኖሱ ዳር ሰዓታት ዘግይቶ ነው፣ ከፍታውም ሌላ ነው።

የምትፈልጉት ሽሽቱ ከረፋድ እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ዝቅተኛ ነጥቡ ላይ የሚደርስበትን ቀን ነው። እንዲህ ከሆነ ባሕር ዳሩን የምትራመዱት ውሃው እየሸሸ ሳለ ነው፤ ብትዘገዩም የምትበሉት ከትርፍ ጊዜያችሁ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ከፍታው በጫማ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዳርቻው ይሰፋል። የመቀነስ ምልክት ያለበት ቀን ካገኛችሁ ያ በጣም ጥሩ ቀን ነው።

የአየሩን ነገር በተመለከተ ጁላይና ኦገስት ይሻላሉ። ፍልሰታን የምትጾሙ ከኦገስት 7 ጀምሮ መሆኑን አስቡበት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ወይ ከጾሙ በፊት ሂዱ ወይ አጭሩን መንገድ (ኬፕ አላቫ ደርሶ መልሱን) ያዙ። ባዶ ሆድና የሚያዳልጥ ድንጋይ አይስማሙም።

2. ሰዓቱን ከሽሽቱ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ዝቅተኛው ነጥብ ረፋድ 5:40 (በአሜሪካ አቆጣጠር 11:40) ነው እንበል። ከዚያ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ፣ 3:40 ላይ፣ ኬፕ አላቫ መድረስ አለባችሁ። ጫካውን ለማቋረጥ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመንገድ ላይ መንገላታት አሥር ደቂቃ ጨምሩ፤ መኪናችሁን ቆልፋችሁ የምትነሱት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ባሕር ዳሩን በሁለት ሰዓት ተኩል ብትጨርሱ 6:10 ሳንድ ፖይንት ናችሁ፣ ውሃው ገና መሙላት መጀመሩ ነው።

ስሌቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ በሁለት መኪና ነበርን። እኔ ስልክ ላይ «ሽሽቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አልኩ፣ ሠንጠረዡ ላይ ያየሁትን የጠዋቱን የአሜሪካ 9 ሰዓት ማለቴ ነው። ሁለተኛው መኪና በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ተረድቶ ዘና ብሎ ቁርሱን በልቶ መጣ። ስንገናኝ ረፍዷል። «እንግዲህ ከመጣን» ብለን ገባን። በባሕር ዳሩ ግማሽ ላይ ያሉት ቋጥኞች ጋ (ደረጃ 9 ላይ ታገኟቸዋላችሁ) የደረስነው ከሰዓት በኋላ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማለትም ልክ በሙላቱ ነው፤ የምናልፍበት አሸዋ አልነበረም።

3. ወደ ካምፑ ተጓዙ።

ከሲያትል ወይ ወደ ቤይንብሪጅ፣ ወይ ከኤድመንድስ ወደ ኪንግስተን በፌሪ ተሻገሩ። ከዚያ በ101 አውራ ጎዳና ፖርት አንጀለስ፣ ከፖርት አንጀለስ በ112 አውራ ጎዳና ክላላም ቤይና ሲኪው፣ ከሲኪው ትንሽ አልፎ ወደ ግራ በሆኮ ኦዜት መንገድ 34 ኪሎ ሜትር ያህል። ከፌሪው ወረፋ ጋር ከ4 ሰዓት በላይ መድቡ። ቤንዚንና ውሃ ፖርት አንጀለስ ሙሉ፤ መንገዱ መጨረሻ ላይ ማደያ የለም። የስልክ ኔትወርክም እዚያ አትጠብቁ፣ ካርታችሁን ቤት ሳላችሁ አውርዱ።

የፓርኩ መግቢያ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን ይሠራል። የኦዜት ካምፕ 15 ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ በቅድሚያ አይያዝም፤ ቀድሞ የመጣ ይተክላል። አርብ ማታ ደርሶ ቦታ አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። ሐሙስ ወይም አርብ በጠዋት ድረሱ፣ ካልሆነም ክላላም ቤይና ሲኪው አካባቢ ያሉትን የግል ካምፖች ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ያዙ። ባሕር ዳሩ ላይ ራሱ ማደር ሌላ ጉዳይ ነው፤ የተለየ ፈቃድና የድብ መከላከያ የምግብ በርሜል ይጠይቃል። ለቀን ጉዞ ሁለቱም አያስፈልግም።

4. ማታውን ምግቡን መኪና ውስጥ ቆልፉ።

ኩለሩ፣ የበርበሬው ዕቃ፣ የጥርስ ሳሙናው፣ ሽታ ያለው ሁሉ መኪና ውስጥ ይደር። ጥቁር ድብ አለ፣ ግን የዕለት ተዕለቱ ሌባ ራኩን ነው። ጣቱ እንደ ሕፃን እጅ ነው፤ ዚፕ ይከፍታል። እኔ በዓይኔ ያየሁት አንዱ የቦርሳ የጎን ኪስ ከፍቶ የቆሎ ላስቲክ አወጣና አንድ በአንድ እየለቀመ፣ እኛ ባትሪ እያበራንበት፣ ሳይጨርስ አልሄደም። ከዚያ ወዲህ ቆሎ በጠርሙስ ነው።

ቦርሳችሁን ማታውን አዘጋጁ። ጠዋት በጨለማ የሚፈለግ ካልሲ የታይድ ሰዓት ይበላል።

5. ከመነሳታችሁ በፊት ሰሌዳውን አንብቡ፣ ለሰው ተናገሩ።

የሬንጀር (የፓርኩ ጠባቂ) ጣቢያው ጋ የዕለቱ ማስጠንቀቂያና ታይድ የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ። ፎቶ አንሱት፣ ከያዛችሁት ወረቀት ጋር አስተያዩት። የማይገጥም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሰመር ሰዓት ነው፤ አንዳንድ ሠንጠረዦች አንድ ሰዓቱን አይጨምሩም። ኔትወርክ ሳይጠፋባችሁ ከተማ ላለ አንድ ሰው መንገዳችሁንና የምትመለሱበትን ሰዓት ላኩለት፤ እስከ ምሽቱ ይህን ሰዓት ካልደወልን ለፓርኩ ደውል ብላችሁ ቁርጥ ያለ ሰዓት ስጡት። «ስንመለስ እንደውልልሃለን» ማለት ለማንም አይጠቅምም።

6. በሳንቃው ላይ እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አሳርፉ።

ድልድዩን ተሻግራችሁ ጥቂት እንደሄዳችሁ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ቀኙ ኬፕ አላቫ፣ ግራው ሳንድ ፖይንት ነው። ቀኙን ያዙ። ከሰሜን ወደ ደቡብ የምንዞረው አስቸጋሪውን የቋጥኝ ቦታ ገና ጉልበት ሳለንና ውሃው እየሸሸ ሳለ ለማለፍ ነው።

መንገዱ ብዙው ከዝግባ በተሠራ የሳንቃ መደዳ ላይ ነው። ደረቅ ሲሆን እንደ ቤት ወለል ነው፤ ሲረጥብ ሳሙና ነው። በተረከዝ አትውረዱበት፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ሳንቃው ያዘነበለበት ቦታ ላይ መሐሉን ርገጡ። ፎቶ ለማንሳት ከሆነ ቁሙና አንሱ። ከምንሄድ ሰዎች መካከል የወደቁት ሁሉ የወደቁት ባሕሩ ላይ ሳይሆን እዚህ፣ እያወሩ ነው።

7. ኬፕ አላቫ ላይ ሰዓታችሁን እዩና ወስኑ።

ጫካው ድንገት ያልቅና ባሕሩ ፊት ለፊት ይመጣል። ደሴቶቹ ላይ የባሕር አንበሶች ሲጮሁ ትሰማላችሁ። ቁርስ እዚህ ብሉ፣ ካልሲ ከረጠበ ቀይሩ። ከዚያ ሰዓታችሁን ከስሌቱ ጋር አነጻጽሩ። እስከ 45 ደቂቃ ከዘገያችሁ ቀጥሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ጭጋግ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ሃምሳ ሜትር ፊት የማያሳይ ከሆነ፣ እዚሁ ተዝናኑና በመጣችሁበት ተመለሱ። 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ባሕሩን አይታችኋል፣ ምንም አልጎደለባችሁም።

8. ባሕሩን በቀኝ አድርጋችሁ ወደ ደቡብ ተጓዙ።

አምስት ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው አሸዋው ትንሽ ስለሆነ ነው። አብዛኛው የሰው ጭንቅላት የሚያክል ክብ ድንጋይ ነው፣ በላዩ ላይ ቡናማና አረንጓዴ የባሕር አረም ተኝቷል። ድንጋዩን በቀለሙ ለዩት። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ ይረገጣል። ነጫጭ ሹል ቅርፊቶች የተለጠፉበት ድንጋይም ጫማ ይይዛል፣ ግን ብትወድቁ እጅ ይቆርጣል፣ ቅርፊቶቹም ሕይወት ያላቸው ናቸውና አማራጭ ካለ እለፏቸው። አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ከሆነ አትርገጡት። ረጅሙ ቡናማ አረም ከስሩ ምን እንዳለ አያሳይም፤ መጀመሪያ በዱላ ንኩት።

ባሕሩ ከጫካው ጥግ የቆለለው ትልልቅ ግንድ አለ፤ እንደ አጥር ተደርድሯል። ላዩ ላይ መራመድ ያጓጓል፣ ከድንጋዩ ይቀላል። ውሃ በሚደርስበት ቦታ ያለውን ግን አትርገጡ፣ አትቀመጡበትም። ቶን የሚመዝነውን ግንድ ጉልበት የማይደርስ ውሃ አንስቶ ያንከባልለዋል፤ በዚህ ዳርቻ ሰው ገድሏል።

ባሕሩን ጀርባ አትስጡት። አሥራ አምስት ደቂቃ እኩል እኩል የሚመጣ ማዕበል ድንገት አንዱ እጥፍ ሆኖ ይገባል። ልጅ ከያዛችሁ በውሃው በኩል የሚሄደው አዋቂው ነው።

9. ዌዲንግ ሮክስ።

በግማሽ መንገድ ላይ ናቸው። ቋጥኞቹ ላይ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው የማካ ሕዝብ የቀረጻቸው ከ40 በላይ ምስሎች አሉ፤ ክብ የሰው ፊቶችና ዓሣ ነባሪዎች። ከውሃው መስመር ከፍ ብለው ወደ ጫካው በኩል ያሉትን ድንጋዮች ቀስ ብላችሁ እዩ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ባሕሩ ላይ ጥሎ ያልፋቸዋል። አትንኳቸው፣ መስመሩን ለፎቶ ለማጉላት በጠመኔ ወይም በውሃ አትቅቧቸው። የእጅ ቅባትና ፍትጊያ ድንጋዩን ይበላዋል።

ቋጥኙን በባሕሩ በኩል ለመዞር ውሃው የሸሸ መሆን አለበት። ማዕበሉ የቋጥኙን እግር እየመታ ከሆነ አትሞክሩ። ወደ ጫካው ዞር ብላችሁ ዛፍ ላይ ክብ፣ ጥቁርና ቀይ፣ የተኩስ ዒላማ የሚመስል ምልክት ፈልጉ። በላይ በኩል የሚያሻግረው መንገድ እዚያ ይጀምራል። አጭር ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ጭቃ ነው። በዚህ ዳርቻ እንዲህ ባሉ ቦታዎች ገመድ ታስሮ ብታገኙ ለሚዛን ያዙት እንጂ ሙሉ ክብደታችሁን አትጣሉበት፤ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ አታውቁም። አንድ ሰው ወጥቶ ሲጨርስ ሌላው ይጀምር፣ ድንጋይ ከላይ ይወርዳል። እኛ ያን ሰዓት የተሳሳትንበት ቀን የወጣነው በዚህ ነው፣ አንዷ ጓደኛችን በነጠላ ጫማ።

10. ሳንድ ፖይንት ላይ ምልክቱን ሳታገኙ አትለፉ።

እዚህ አሸዋው ለስላሳና ሰፊ ነው፣ ምሳ የሚበላው እዚህ ነው። ወደ ጫካ የሚያስገባውን በር የሚያሳየው ያው ጥቁርና ቀይ ክብ ምልክት ነው። ከምሳ በፊት አግኙትና ከእሱ አጠገብ ተቀመጡ። ደክሟችሁ፣ ሆዳችሁ ሞልቶ፣ በአሸዋው መሳብ ቀላል ነው፤ ምልክቱን ያለፉ ሰዎች ደቡብ ወዳለው የሎው ባንክስ የሚባል ባሕር ዳር ወርደው ሁለት ሰዓት አባክነው ይመለሳሉ።

11. በጫካው ተመለሱ።

ሳንቃው እንደገና ይጀምራል። እግር ሲደክም ስለሚጎተት ከጠዋቱ ይልቅ አሁን ተጠንቀቁ። አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መኪናው ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ጫማ ቀይሩ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ እንዳገኛችሁ ለዚያ ለከተማው ሰው ደውሉለት።

ማስጠንቀቂያ

አትዋኙ። ውሃው በሰመርም 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዋናተኛውንም በደቂቃዎች እጅ እግሩን ያስረዋል።

መሬት ከተንቀጠቀጠ የሳይረን ድምፅ አትጠብቁ። ቦርሳም ጥላችሁ ቢሆን ወዲያው ወደ ጫካው፣ ወደ ከፍታ ውጡ። ውሃው ያለ ሰዓቱ ርቆ ከሸሸም እንዲሁ። ከመጀመሪያው ማዕበል በኋላም ሌሎች ይከተላሉና ለማየት አትውረዱ።

የጅረቶቹ ውሃ ቀጭን ሻይ ይመስላል። ቀለሙ ከቅጠልና ከሥር የመጣ ነው፣ አይጎዳም፤ የሚጎዳው የማይታየው ተውሳክ ነው። ሳይጣራ ወይም ሳይፈላ አይጠጣ።

አሸዋ ላይ ብቻውን የተኛ የሲል (የባሕር አንበሳ ዘመድ) ግልገል ብታዩ እናቱ ጥላው አይደለም፣ ዓሣ ፍለጋ ሄዳ ነው። 100 ያርድ ያህል ራቁ። ሰው ከቀረበ እናቲቱ ላትመለስ ትችላለች።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

«ባለፈው ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ባዶ ነበር» ብሎ መሄድ። በሳምንት ውስጥ ሙላቱና ሽሽቱ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ባለፈው ቅዳሜ ሽሽት በነበረበት ሰዓት በዚህኛው ቅዳሜ ሙላት ሊሆን ይችላል።

በካርታ ላይ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ እንደ ከተማ እርምጃ ማስላት። ድንጋዩ ላይ በሰዓት ከ2 ኪሎ ሜትር ብዙም አታልፉም።

ከመጠን በላይ ሰው መሰብሰብ። ከስድስት ሰው በላይ ከሆናችሁ የቡድኑ ፍጥነት የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው፤ የስሌቱን ሰዓት በእሱ ሥሩት፣ እሱንም ከፊት አስቀድሙት።

ውሻ ይዞ መምጣት። በዚህ መንገድ ላይ አይፈቀድም፣ መኪና ውስጥ ሰባት ሰዓት ቆልፎ መሄድም አይሆንም። ውሻ ካላችሁ ፎርክስ ከተማ አካባቢ ወዳለው ሪያልቶ ቢች ሂዱ፤ እዚያ እስከ ኤለን ክሪክ ድረስ በገመድ ታስሮ ይፈቀድለታል።